የሳንባ ካንሰር፦ በሳንባ ነቀርሳ ስም የሚሸፈነው ሕመም

በሀገራችን የጤና አገልግሎት አሠራር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ይዞት ወደ ጤና ተቋም የሚቀርብ ሰው በቅድሚያ የሚመረመረው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ይዞት እንደሆነ ለማወቅ ነው። አሠራሩ ትክክለኛና አስፈላጊ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ያለባቸው ብሎ ከለያቸው 30 ሀገሮች አንዷ በመሆኗ ሳል ሲነሣ አስቀድሞ ቲቢን መጠርጠር የባለሙያው ግዴታ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ምርመራው ቲቢን ሳያሳይ ሲቀር፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት ተወስዶ ለውጥ ሳይገኝ ሲቀር፣ ሌላ ሕመም ሊኖር እንደሚችል ሳይታሰብ ወራት ሲያልፉ ነው። በዚህ ሁኔታ ተሸፍነው ከሚቆዩት ሕመሞች አንዱና አስጊው የሳንባ ካንሰር ነው።

ለዚህ መደበላለቅ የቋንቋችን አጠራርም የራሱ ድርሻ ያለው ይመስላል። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አነጋገር ካንሰርን የሚያመለክት ሲሆን፣ የጡት ነቀርሳ፣ የማሕፀን ነቀርሳ ሲባል የሚታሰበው ይኸው ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቃሉ ወደ ቲቢ ይዞራል። በመሆኑም «የሳንባ ነቀርሳ የለብህም» የተባለ ታማሚ ከካንሰርም ነፃ የሆነ ሊመስለው ይችላል። በአንጻሩ የሳንባ ካንሰር የያዘውን ሰው ቤተሰቡ ይተላለፋል በሚል ፍርሃት መጠጫውንና መመገቢያውን ሊለይበት ይችላል። ሁለቱም ስሕተቶች ጉዳት ያስከትላሉ።

ሁለቱን ሕመሞች የሚለያቸው መነሻቸው ነው። ቲቢ በባክቴሪያ አማካይነት የሚመጣ፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍና በአብዛኛው በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን ተላላፊ በሽታ ነው። የሳንባ ካንሰር ግን ከውጭ የሚገባ ተሐዋሲ የለውም። የመተንፈሻ ቧንቧዎችን ወይም የአየር ከረጢቶችን ውስጣዊ ገጽታ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ለረጅም ዓመታት በጎጂ ነገሮች ሲጠቁ በውስጣቸው ያለው ዘረ-መል እየተበላሸ ይሄዳል። ጉዳቱ ሲጠራቀም ሕዋሱ መቼ መራባት፣ መቼም መሞት እንዳለበት የሚወስነው ሥርዓት ይፈርስና ያለ ልክ መባዛት ይጀምራል። በዚህ መልክ የተፈጠረው ዕጢ በአካባቢው ያለውን አካል እየገፋ ከማደጉም በላይ፣ ከእርሱ የሚለዩ ሕዋሳት በደምና በሊምፍ መስመር ተጉዘው በአንጎል፣ በአጥንት፣ በጉበትና ከኩላሊት በላይ ባሉት ዕጢዎች ውስጥ ሌላ ጎጆ ይቀልሳሉ። ይህ ሂደት ከመነሻው እስከ ምልክቱ ብዙ ጊዜ አሥርታት ዓመታትን የሚወስድ ነው።

የሳንባ ካንሰርን አደገኛ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ዝምታው ነው። የሳንባው ሥጋ ራሱ ሕመምን የሚያስተላልፉ ነርቮች ስለሌሉት በመካከሉ የበቀለ ዕጢ አንድ የሎሚ ፍሬ እስኪያክል ድረስ እንኳ ላያም ይችላል። ውጋት የሚሰማው ዕጢው ሳንባውን ወደሸፈነው ስስ ልባስ ወይም ወደ ጎድን አጥንት ሲደርስ ነው። በቧንቧው አጠገብ የሚበቅለው ዕጢ ግን ቀደም ብሎ ሳል ሊያስከትል ይችላል። የማይለቅ ወይም ባሕርይውን የለወጠ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በአንድ ቦታ ላይ ተመላልሶ የሚመጣ የሳንባ ምች፣ ያለምክንያት መክሳትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት በተደጋጋሚ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው ነርቭ ሲነካ ድምፅ ይጎረንናል። ዕጢው በሳንባው ጫፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ሕመሙ በትከሻና በክንድ ላይ ስለሚወጣ ታማሚው የሚሄደው ወደ ወጌሻ ወይም ወደ አጥንት ሐኪም ነው። ራስ ምታት፣ የወገብ አጥንት ሕመም ወይም ድንገተኛ የሚጥል በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜም አለ፤ ይህ ሲሆን ካንሰሩ ከሳንባ ውጭ ተሠራጭቷል ማለት ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የደረት ውጋት፣ መክሳትና አልፎ አልፎም ትኩሳት በቲቢም የሚታዩ ናቸው። የደረት ራጅም ቢሆን ሁልጊዜ አይለያቸውም፤ ሁለቱም በሳንባው ላይ ጥላ፣ አንዳንዴም በመሐሉ ክፍት የሆነ ጉድጓድ ሊያሳዩ ይችላሉ። በአክታው ውስጥ ተሐዋሲው ያልተገኘበት ታማሚ በራጁና በምልክቶቹ ብቻ ተመዝኖ የቲቢ መድኃኒት የሚጀምርበት አሠራር አለ። ዕጢው ቧንቧውን ዘግቶ ከበስተኋላው ሌላ ኢንፌክሽን ተፈጥሮ ከነበረ ታማሚው በሚወስደው መድኃኒት ለጊዜው ሻል ሊለው ስለሚችል፣ ሐኪሙም ታማሚውም መንገዱን ያገኙት ይመስላቸዋል። በዚህ ላይ አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስቀርም። ቀደም ሲል ቲቢ ይዟቸው የዳኑ ሰዎች በሳንባቸው ላይ በሚቀረው ጠባሳና ቁስለት ሳቢያ ለሳንባ ካንሰር የመጋለጣቸው ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲታይ የሳንባ ካንሰር ከካንሰሮች ሁሉ በገዳይነቱ የመጀመሪያውን ስፍራ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ሕመም መያዛቸው የታወቀ ሲሆን፣ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሀገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በሴቶች ላይ የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር በቀዳሚነት እንደሚገኙ ያሳያል፤ የሳንባ ካንሰር ከቀዳሚዎቹ ተርታ አይሰለፍም። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት አጫሹ ቁጥር ዝቅተኛ መሆኑ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ምዝገባ የሚቆጥረው የተመረመረውን ብቻ ነው። በቲቢ ተጠርጥሮ ወይም «በደረት ሕመም» ተብሎ በቤቱ ያረፈ ሰው በየትኛውም መዝገብ በካንሰር ስም አይሰፍርም።

የሳንባ ካንሰር ከመቶ ዓመት በፊት በዓለምም ቢሆን እንግዳ ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ስለሳንባ ዕጢዎች መጽሐፍ ያዘጋጁት አሜሪካዊው ሐኪም አይዛክ አድለር ሕመሙ እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዱ መሆኑን በመግለጽ ስለዚህ ጉዳይ መጻፉ ራሱ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ሁኔታውን የለወጠው ሲጋራ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የሲጋራ መጠቅለያ መኪና ሥራ ላይ ዋለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሲጋራ ከወታደሩ ስንቅ ጋር ይታደል ጀመር። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ቁጥር በፍጥነት አሻቀበ።

ምክንያቱን ለማወቅ በለንደን ሆስፒታሎች ጥናት ያካሄዱት ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ነበሩ። ዶል በመጀመሪያ የጠረጠሩት አዲስ የተነጠፈውን የመንገድ ሬንጅና የመኪና ጭስ ነበር። ታማሚዎቹ ተጠይቀው መልሱ ሲጠናቀር ግን ከ649 ወንድ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ውስጥ የማያጨሱት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። ዶል ጥናቱ ሳያልቅ ሲጋራቸውን ጣሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲታተም በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኧርነስት ዋይንደርና ኤቫርትስ ግራሃም ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። የግራሃም ታሪክ በተለይ የሚጠቀስ ነው። እኚህ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 በካንሰር የተያዘ አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ጊዜ ቀዶ ጥገና አውጥተው ታማሚውን በማዳን የመጀመሪያው ሲሆኑ፣ ራሳቸው ለረጅም ዘመን አጫሽ ነበሩ። የሲጋራን ጥፋተኛነት መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በኋላ የራሳቸው ጥናት አሳመናቸውና ማጨስ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 ያረፉት በሳንባ ካንሰር ነው። ሳንባው የወጣለት ታማሚ፣ እርሱም ሐኪም ነበር፣ ከእርሳቸው በኋላ ለዓመታት ኖሯል።

ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር የለም። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ ኬሚካሎች የሚገኙ ሲሆን፣ ካንሰር አምጪነታቸው የተረጋገጠው 70 ያህል ይሆናሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ ከሳንባ ካንሰር ሕሙማን 85 በመቶ ያህሉ ሕመማቸው ከማጨስ ጋር የተያያዘ ነው። አደጋውን የሚወስነው በቀን የሚጨሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን የዓመታቱ ርዝመትም በመሆኑ «በቀን ሁለት ሦስት ብቻ ነው የማጨሰው» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ርቀት አይወስድም። ማቆም ግን በማንኛውም ዕድሜ ይጠቅማል፤ ካቆመ አሥር ዓመት የሆነው ሰው ለሳንባ ካንሰር ያለው ተጋላጭነት ማጨሱን ከቀጠለው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ይህ ማለት የማያጨስ ሰው ዋስትና አለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው ታኬሺ ሂራያማ ከ91 ሺህ በላይ የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ተከታትለው ባሎቻቸው የሚያጨሱት ለሳንባ ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አረጋገጡ። የሌላውን ጭስ መተንፈስ አደጋውን ከ20 እስከ 30 በመቶ እንደሚጨምር በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። በመሬት ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚመነጨው ራዶን የተባለው ጋዝ፣ የአስቤስቶስ ብናኝ፣ የናፍጣ ሞተር ጭስና የተበከለ የከተማ አየርም ካንሰር አምጪ ተብለው ተመድበዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተመደቡት እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ነው። ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ የሚውሉት የትራፊክ ፖሊስና የታክሲ ረዳት በዚህ ረገድ ሊታሰቡ ይገባል።

ለሀገራችን ቅርብ የሆነው ግን የማድቤት ጭስ ነው። በቻይና ዩናን ክፍለ ሀገር ሹዋንዌይ በተባለ አካባቢ ሲጋራ የማያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የሚሞቱበት መጠን እጅግ ከፍተኛ ሆኖ መገኘቱ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አስገርሞ ነበር። ምክንያቱ የሚጤስ የድንጋይ ከሰል ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት ውስጥ መንደዱ ነበር፤ ለምድጃዎቹ የጭስ ማውጫ ከተሠራላቸው በኋላ በሽታው ቀንሷል። በእኛ ሀገር የሚነደው በአብዛኛው እንጨት፣ የእንጨት ከሰልና ኩበት እንጂ የድንጋይ ከሰል ባለመሆኑ ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። የእንጨት ጭስ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የተመደበው «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» ከሚለው ጎራ ነው። ነገር ግን መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ሳል ይዟት ስትመጣ «አታጨስም» ብሎ ካንሰርን ከግምት ማውጣት ትክክል አይሆንም። ማገዶ የሚቆጥቡትን እንደ ምርጥ ምድጃ ያሉትን ማሠራጨትና ማድቤት የጭስ መውጫ እንዲኖረው ማድረግ የደንን ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየትም ያጎድላል።

መንግሥት በእጁ ያለው ትልቁ መሣሪያ ትምባሆን መቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ1996 ዓ.ም ፈርማ በ2006 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 822 አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የሕዝብ መገልገያዎችና የሥራ ቦታዎች ውስጣቸው ሙሉ በሙሉ ከጭስ ነፃ እንዲሆኑ፣ የትምባሆ ማስታወቂያ እንዲቀር፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥና በፓኬቱ ላይ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ደንግጓል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በመቶኛ ከሚሰላው ታክስ በተጨማሪ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 8 ብር ጥሏል። ዋጋ ሲጨምር በተለይ ወጣቱ ወደ ሲጋራ እንዳይገባ ስለሚያግድ ይህ እርምጃ ከብዙ የቅስቀሳ ስብሰባ ይልቅ የሚሠራ ነው።

እርግጥ ትምባሆ ለመንግሥት ግምጃ ቤት የገቢ ምንጭ ሆኖ መኖሩም አይካድም። ንግዱ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር የቆየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት የአብላጫው ባለቤት ሆኗል። ዓለም አቀፍ ኩባንያ ወደ አንድ ሀገር የሚገባው ገበያው እንደሚሰፋ ገምቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደ ሀገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ ይጠቀማሉ የተባሉት አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ከአዋጁ አንቀጾች ይልቅ በማኅበረሰቡ ዘንድ ሲጋራ ማጨስ እንደ ነውር በመታየቱ የተገኘ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ነውር ግን በተለይ በከተማ ወጣት ዘንድ ቶሎ ይላላል። አዋጁ ሊሠራ የሚገባው ለዚያ ጊዜ ነው። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ከጽሑፉ ሥር የሲጋራ ቁራጭ ወድቆ ማየት እንግዳ ያልሆነበት አለ። የተቋም ኃላፊ ይህን ለማስቆም ተጨማሪ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሕመሙን ቀድሞ ስለማግኘት የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአሜሪካ ከ53 ሺህ በላይ አጫሾችና የቀድሞ አጫሾች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የወጣው ጥናት አነስተኛ ጨረር ባለው ሲቲ ስካን በየዓመቱ መመርመር፣ በደረት ራጅ ከመመርመር ጋር ሲነጻጸር፣ በሳንባ ካንሰር የሚደርሰውን ሞት በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን ብዙ ላጨሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በቲቢ ጠባሳ የተሞላ ሳንባ በበዛበት ሀገር ማሽኑ የሚያሳየው ጥላ ሁሉ ካንሰር ስለማይሆን፣ ጤነኛ ሰዎችን ለተደጋጋሚ ምርመራና ለስጋት ሊዳርግ ይችላል። ምልክት የሌለው ሰው በየዓመቱ የደረት ራጅ በመነሣቱ ከሳንባ ካንሰር ይድናል የሚለው እምነት ደግሞ በጥናት አልተደገፈም።

ጥርጣሬው ከኖረ በኋላ የሚከተለው መንገድ ግልጽ ነው። ሲቲ ስካን ዕጢው ያለበትን ቦታና ስፋት ያሳያል፤ በብሮንኮስኮፒ ወይም በደረት ግድግዳ በኩል በሚገባ መርፌ ናሙና ይወሰድና የፓቶሎጂ ባለሙያው ይመረምረዋል። ያለ ናሙና ካንሰር ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ከሕሙማኑ 85 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሚገኘው ትናንሽ ሕዋስ ያልሆነው ዓይነት ሲሆን፣ ቀሪው በፍጥነት የሚሠራጨውና ከማጨስ ጋር በጥብቅ የተያያዘው የትናንሽ ሕዋስ ካንሰር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በጊዜ ሲደረስበት በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት ካንሰሩ ከሳንባ ሳይወጣ ከታወቀላቸው ሕሙማን ከመቶ 60 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ሲገኙ፣ ወደ ሌላ አካል ከተሠራጨ በኋላ ከታወቀባቸው ግን ከ10 ሰው አንድ ገደማ ብቻ ነው። ቲቢ ነው በሚል የሚባክኑት ወራት ክብደት የሚለካው በዚህ ልዩነት ነው።

ሕክምናው ራሱ ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአንዳንድ ሕሙማን ዕጢ በአንድ የተወሰነ የዘረ-መል ለውጥ የሚነዳ መሆኑ ሲታወቅ ያንን ለይተው የሚመቱ እንክብሎች ጥቅም ላይ ዋሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤርሎቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚያነሣሡት መድኃኒቶች ደግሞ ጄምስ አሊሰንንና ታሱኩ ሆንጆን እ.ኤ.አ. በ2018 ለኖቤል ሽልማት ያበቃ ምርምር ውጤት ናቸው። ዋጋቸው ውድ በመሆኑ በታዳጊ ሀገሮች ለሚገኝ አብዛኛው ታማሚ አይደርሱም። በሀገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው ረጅም ነበር፤ በቅርብ ዓመታት አገልግሎቱ እንደ ጅማ ባሉ የክልል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም መሰጠት ጀምሯል። ሕመሙ የማይድንበት ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰውም የሚደረግ ነገር አለ፦ ሞርፊን ሕመሙን ያስታግሳል፣ በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመን ውኃ ማውጣት ትንፋሹን ያቀላል፣ አጭር የጨረር ሕክምና የአጥንት ስቃይን ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ አገልግሎት የሚከፍተው በር ግን ያለው በጤና ጣቢያው ነው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ታማሚ በሁለተኛው ወር ላይ አክታው በድጋሚ ይመረመራል። ከመጀመሪያውም ተሐዋሲው ያልተገኘበት፣ ዕድሜው ከአርባ አምስት የዘለለ፣ ያጨሰ ወይም በጭስ ውስጥ የኖረ ሰው በዚህ ቀጠሮ ላይ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ሳሉም ካልቀነሰ፣ የስድስት ወሩን መድኃኒት እስኪጨርስ ሳይጠበቅ ሲቲ ስካንና ብሮንኮስኮፒ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ቲቢ፣ ለመድኃኒት ምላሽ ያልሰጠ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ተቀባዩ ሐኪም መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በመፈለግ ሌላ ወር ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ስንት ዓመት እንዳጨሰ፣ በምን ሥራ ላይ እንደኖረ፣ በቤቱ ምን እንደሚነድድና የመጀመሪያው ራጅ መቼ እንደተነሣ አብሮ ይጻፋል፤ ራጁም አብሮ ይላካል።